ሽማግሌዎቼን ያስለቀሰው ማሞቂያ

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና ኅዳር ላይ ነው። ባለቤቴ ለሰው አታውራው ትለኛለች፤ ነገር ግን ደብረ ሲና ላይ ታሪኩን የማያውቅ የለም። ሰው እየጨመረበት ከሚያወራው እኔው ልንገራችሁ ብዬ ተነሳሁ። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ደግሞ ጥፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእኔ ስለሆነ ነው። በሌላ ሰው ላሳብበው ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም።

ደሳለኝ እባላለሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ መካኒክ ነኝ። ሙቀታችንን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ መፍቻ ፀሐይ ላይ ረስታችሁ ብታነሱት መልሳችሁ ትጥሉታላችሁ። ስለዚህ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ማሞቂያ ሥራልኝ ብሎ የመጣ ደንበኛ አልነበረኝም። የመጀመሪያው ጋሽ ታደሰ ናቸው።

ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ እኔንም ሒሳብ አስተምረውኛል። አንዲት ሰማያዊ ቮልስ አለቻቸው፤ ከእኔ ዕድሜ ትበልጣለች። እኔ ያን ጊዜ ትዕግስት የምትባል የደብረ ሲና ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ፍለጋ ላይ ነበርኩ። ትዕግስት ከጋራዤ ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር። ራሴን ሳያመኝ ስንት የራስ ምታት ኪኒን እንደገዛሁ እሷ ታውቃለች። ኋላ ሥራዋን ለቃ ወላጆቿ ዘንድ ስትመለስ፣ ቶሎ ካልተንቀሳቀስኩ ሌላ ሰው ይቀድመኛል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ጋሽ ታደሰን ለመንኳቸው። እሳቸው ሲናገሩ ድንጋይ ያሳምናሉ፤ ሽማግሌ ሆነው ሄደው እምቢ የተባሉበት ቤት የለም ይባላል። ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ።

"ደብረ ሲና ብርዱ ጉልበቴን ይዞ ያስቀረዋል" አሉኝ። "በራሴ መኪና እሄዳለሁ፤ ማሞቂያው ከሠራ።"

"ካልሠራስ፣ ጋሼ?"

"ካልሠራ ሌላ ሽማግሌ ፈልግ።"

ችግሩ፣ ጋሽ ታደሰ በዚያው ክረምት የመኪናዋን ጭስ ማውጫ ቀይረው ነበር። ማርሚታ የሚባለው የድሮው ድምፅ ማፈኛ በስብሶ ሲወድቅ አዲስ አበባ ሄደው አንድ ወፍራም፣ ባለ ሁለት አፍ፣ የሚያብረቀርቅ ማርሚታ ገዝተው መጡ። ሻጩ ጉልበት ይጨምራል ብሏቸዋል። ጉልበቱን እንጃ፤ ድምፁን ግን ጨምሮታል። ከቤታቸው ሲነሱ እኔ ጋራዥ ሆኜ እሰማቸው ነበር።

ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ነው። ያው ማራገቢያ የተረፈውን አየር በቱቦ ወደ ጭስ ማውጫው ላይ ወዳለ የቆርቆሮ ሳጥን ይገፋዋል። አየሩ እዚያ ይሞቅና በሌላ ቱቦ አልፎ ተሳፋሪው እግር ሥር ይወጣል። አዲሱ ማርሚታ ግን ከውፍረቱ የተነሳ ቱቦዎቹ የሚያልፉበትን ቦታ ሁሉ ይዞታል። የድሮዎቹ ቱቦዎች እሱን ዞረው ለመድረስ አንድ ክንድ ያጥራቸዋል።

መጀመሪያ ከሽንኩርት ማሳ የተረፈ የውሃ ፓምፕ ጎማ ሞከርኩ። ሞተሩ ሲሞቅ እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። ቀጥዬ የዱቄት ወተት ጣሳ ቆርጬ በየድኩ፤ መኪናዋ ስትነሳ ከበሮ የምትመታ መሰለች። በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘይነባ ወፍጮ ቤት ጓሮ አንድ የተጣለ ነገር አየሁ። እንደ አኮርዲዮን የሚሳብ፣ የሚተጣጠፍ የቆርቆሮ ቱቦ ነው። ከወፍጮው የሚነሳውን ብናኝ የሚስብ ነበር። ወርዱ ልክ፣ ርዝመቱ ልክ፣ እሳት አይፈራ።

"ውሰደው" አሉኝ እትዬ ዘይነባ። "ግን በደንብ እጠበው።"

እትዬ ዘይነባ ሁለት ወፍጮ አላቸው። አንዱ የጤፍ ነው፤ አንዱ የበርበሬ። ቱቦው የየትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

አጥቤዋለሁ፤ አላጠብክም የሚለኝን አልቀበልም። ውሃ አንቆረቆርኩበት፣ አራገፍኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሁለቴ አስነጠሰኝ፤ ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። እጥፋቶቹ ውስጥ ገብቶ የቀረውን ግን ማን ያያል? ቱቦውን ለሁለት ቆርጬ በማርሚታው ዙሪያ አዙሬ አሰርኩት። ማሞቂያውን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ሽቦም በዚያው አጣጥፌ አሳለፍኩት። ሥራው አምሮ ስላየሁት በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

አልሞከርኩትም። ሸዋ ሮቢት ላይ ማሞቂያ ከፍቶ መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ቢያዩ ጎረቤቶቼ ጠበል ይወስዱኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። አማች የሚሆን ሰው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ጋሽ ታደሰ ዓይናቸው ስለደከመ ያንን ዳገት አይነዱትም። እኔ ልንዳና ከግቢው ውጭ መኪና ውስጥ ተደብቄ ልቆይ ተባባልን። "ጭንቅላትህን ብቅ ካደረግክ ነገሩ አበቃ" አሉኝ ጋሽ ታደሰ። ከኋላ አጎቴ ጌታቸውና ጎረቤታችን ሐጂ ሰይድ ተቀመጡ። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል፤ የሚናገሩትን መንገዱን ሁሉ ሲያጠኑ ነበር።

"ጋብቻ ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው ነው፤ እንዲህ ብዬ ነው የምጀምረው" ይላሉ።

በመንገዳችን ያለችውን የአርማኒያን ከተማ እስክናልፍ ማንም ብርድ አላነሳም። ከዚያ በኋላ ጉሙ መጣ። ደብረ ሲና መግቢያ ላይ ጋሽ ታደሰ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው "በል እንግዲህ፣ የሠራኸውን እንየው" አሉኝ። እኔም ኮራ ብዬ መክፈቻውን ሳብኩት።

መጀመሪያ ደስ የሚል ሙቀት መጣ። ሐጂ "ማሻ አላህ" አሉ። ሁለተኛውን "ማሻ አላህ" ግን አልጨረሱትም። ቀይ አቧራ ከእግራችን ሥር ቡን ብሎ ተነሳ። ጉሮሮዬን እሳት ያዘው። ዓይኔ ጠፋ። አራታችንም በአንድ ጊዜ ማሳልና ማስነጠስ ጀመርን። መክፈቻውን መልሼ ብገፋው ሽቦው ከማርሚታው ጋር ተጣብቆ አልዘጋ አለ። ቮልስ ከኋላ የሚከፈት መስኮት የላትም፤ አጎቴና ሐጂ የሚተነፍሱት በርበሬውን ብቻ ነበር። ጋሽ ታደሰ ዓይናቸውን በጋቢ ጠረጉ፤ ጋቢው ራሱ በርበሬ ጠጥቶ ስለነበር ባሰባቸው።

ማቆም ነበረብኝ፤ አዎ። ግን የትዕግስት ቤት ከዚያ ሁለት መቶ ሜትር አይሞላም። አባቷ አቶ ወንድይፍራው ቅዳሜ ገበያ ሳይወጡ ካልደረስን ሳምንት መጠበቅ ነው። እንደምንም አጥሩ ጥግ አደረስኳቸው። ሦስቱ ተደጋግፈው ወረዱ። እኔ መሪው ሥር ተሸጎጥኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ትዕግስት ሽማግሌ እንደሚመጣ ለእናቷ ማታ ልትነግር ነበር። አፍራ ሳትናገር አደረች። ስለዚህ እቤት ውስጥ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጌ ስለነበር ሁሉን እሰማለሁ፤ በአጥሩ ክፍተትም ጥቂት አያለሁ። በሩን የከፈቱት እናቷ እትዬ አስካለ ናቸው። በማለዳ፣ ሦስት ሽማግሌ፣ ሦስቱም እያለቀሱ በራቸው ላይ ቆመዋል።

"ምነው፣ ምን ሆናችኋል?" አሉ። "ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ።"

ጋሽ ታደሰ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ "የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ።

ወጉ ነው። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። ግን መርዶ ነጋሪም በማለዳ ነው የሚመጣው፤ እሱም ቁጭ በል ሲሉት አይቀመጥም። እኔ ይህ የታሰበኝ እትዬ አስካለ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሲያደርጉ ነው።

"የመጣነው..." አሉ ጋሽ ታደሰ። ሳል ያዛቸው። "የመጣነው ስለ ልጃችሁ ነው።"

"የትኛው ልጄ?"

ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ሳል ብቻ ነው። አጎቴ ጌታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ያስላሉ። ከጀርባ ለሚያያቸው ሰው የሚንሰቀሰቁ ነው የሚመስሉት። በዚህ መሐል ሐጂ ሰይድ ነገሩን ላድን ብለው ያጠኑትን ንግግር ጀመሩ። "ጋብቻ" የምትለዋን ቃል ሳሉ በላት።

"...ቀደር ነው፣ እህቴ" አሉ በታፈነ ድምፅ። "አላህ የጻፈው ነው።"

እትዬ አስካለ ጮኹ። "ወይኔ ልጄን! ወይኔ መስፍኔን!"

መስፍን የትዕግስት ታላቅ ወንድም ነው፤ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። ሦስት ቀን ሳይደውል ቆይቶ ነበር። እናት ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ይህንን ጩኸት ደረቷ ውስጥ ይዛ ነው የቆየችው።

የምትሉኝን አውቃለሁ። ወዲያው ወጥተህ ለምን አልተናገርክም? ጭንቅላትህን ብቅ ካደረግክ ነገሩ አበቃ ተብያለሁ እኮ። ጋሽ ታደሰ አሁን ትንፋሻቸው ይመለሳል፣ አሁን ይነግሯቸዋል እያልኩ መሪውን ጨብጬ ቀረሁ። ከዚያ ትዕግስት ከጓዳ ወጣች።

እሷ ሽማግሌዎቹ ለምን እንደመጡ ታውቃለች። እኔ ነድቼ እንደማመጣቸውም ታውቃለች። አሁን የምታየው ደግሞ የእኔን ሦስት ሽማግሌዎች ነው፤ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ልብሳቸው በቀይ አቧራ ተለውሷል፣ እኔ የለሁም።

"ደሳለኝ!" አለች። "መኪናው ተገለበጠ? ደሳለኝን ገደለብኝ?"

እዚያው ተቀምጣ ስሜን እየጠራች ታለቅስ ጀመር። አንዱ ጥግ እናቷ መስፍኔን ይላሉ፣ ሌላው ጥግ እሷ ደሳለኝን ትላለች። አቶ ወንድይፍራው የገበያ ኮታቸውን በአንድ እጃቸው ብቻ እንደለበሱ ሮጠው ወጡና በመሐል ቆሙ።

"የሞተው ማነው?" አሉ። "መስፍን ነው ደሳለኝ? ደሳለኝ ደግሞ ማነው?"

ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። አንዲት ሴትዮ በቮልሷ በኩል ስታልፍ እኔን መሪ ሥር አየችኝና "አንተም ዘመድ ነህ? አይዞህ፣ ግባና አልቅስ" ብላኝ አለፈች። አንድ ሰው የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ሊጠራ ሮጠ።

ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። ሽምግልናው ይቅር፣ ጋብቻውም ይቅር አልኩ። በሩን ከፍቼ ወጣሁና እየሮጥኩ ግቢው ውስጥ ገባሁ።

"ማንም አልሞተም!" አልኩ። "በርበሬ ነው!"

እኔም ዓይኔ ቀልቶ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ ስለነበር ያመነኝ ያለ አይመስለኝም። ትዕግስት ቀና ብላ አየችኝ። ተነሳች፣ መጣች፣ በሁለት እጇ ደረቴን ገፈተረችኝ።

"ምነው በሞትክ!" አለች።

አባቷ "ይኼ ደግሞ ማነው?" አሉ።

"ሹፌሩ ነኝ" አልኩ። ምን ልበል?

ሐጂ ሰይድ በመጨረሻ ትንፋሻቸው መለስ አለላቸው። "ሹፌሩ ነው" አሉ ዓይናቸውን እያሻሹ። "እንዲህ ያደረገን መካኒክም እሱው ነው። የመጣነውም ልጃችሁን ለዚሁ ልጅ ስጡን ልንል ነበር። አሁን እንኳ እንዴት ብዬ እንደምጠይቅ አላውቅም።"

እትዬ አስካለ ይህን ሁሉ አልሰሙም። መስፍን ጋ ደውሉልኝ ብቻ ነው የሚሉት። ተደወለ፤ አይነሳም። ድጋሚ ተደወለ። ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ የሚያስል እንኳ አልነበረም። በሦስተኛው ተነሳ።

"መስፍኔ፣ አለህ?"

"የት እሄዳለሁ እማዬ?" አለ ስልኩ ውስጥ። አፉ ሙሉ ነበር። "ጀውሃ ቆሜ ቁርስ እየበላሁ ነው። ሠፈሩ ምንድነው የሚንጫጫው?"

እትዬ አስካለ ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጥፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እሱ በስልኩ "ሄሎ፣ ሄሎ" ይላል፤ መልስ የሚሰጠው የለም። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በር ላይ ደርሶ "ልንፋ ወይስ ልተው?" ብሎ ጠየቀ። ተው ተባለ። ቅር ያለው ይመስለኛል።

ከዚያ ሁሉም ወደ አቶ ወንድይፍራው ዞረ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። እሳቸው ኮታቸውን ቀስ ብለው በሁለተኛው እጃቸው አጠለቁና ቁልፉን ቆለፉ።

"ሚስቴን በቁሟ ገደልክ" አሉኝ። "ልጄን ገደልክ። ራስህንም ገደልክ። እነዚህን ሽማግሌዎች እንዲህ አድርገህ አመጣህ። አንተ ልጅ፣ ልጅ ስጠኝ የምትለኝ በምን አፍህ ነው?"

እውነታቸውን ነው። ጋሽ ታደሰ እንኳ፣ ድንጋይ የሚያሳምኑት ሰውዬ፣ ጋቢያቸውን ማጣጠፍ ጀመሩ፤ ልንሄድ ነው ማለት ነው።

ያኔ እትዬ አስካለ ከተቀመጡበት ተናገሩ። "ተዋቸው" አሉ ባላቸውን። "ልጄ ቁርሱን እየበላ ነው። ዛሬ ማንም ምንም ቢጠይቀኝ እምቢ አልልም።" ወደ ትዕግስት አዩ። "እሷም ስታለቅስ ሰምተሃታል። ከዚህ ወዲያ ምኑን እንጠይቃታለን?"

አቶ ወንድይፍራው ልጃቸውን አዩ፤ ትዕግስት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ አሬራ ይምጣ፣ ሰዎቹ ዓይናቸውን ይታጠቡ አሉ። ሽማግሌዎቹ ከታጠቡ በኋላ ወደ መደቡ አመለከቷቸው።

"እንግዲህ ተቀመጡ" አሉ።

ሽማግሌ ተቀመጥ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። እኔ ግን እንደ ሕጉ ወደ መኪናዋ ተመልሼ ተደበቅኩ። ዓይኔ እንደገና ማንባት ጀመረ፤ ያ እንባ ግን የበርበሬው አልነበረም።

ስንመለስ ማሞቂያው አሁንም አልዘጋ ብሎ ነበር። በርበሬው አልቋል፤ ሙቀቱ ግን አለ። በዚያ ላይ ቆላውን ስንወርድ የሆንነውን አስቡት። ሸዋ ሮቢት ስንገባ ሐጂ ሰይድ እግራቸውን ጣሪያው ድረስ ሰቅለው ነበር። ጋሽ ታደሰ ሲወርዱ "ጉልበቴ ግን ተሽሎኛል" ብቻ አሉኝ። በማግስቱ ቱቦውን ፈትቼ ወረወርኩት።

ጥር ላይ ተጋባን። እትዬ አስካለን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። እሳቸው ይስቃሉ። "አንተው ገደልከው፣ አንተው አስነሳኸው፤ ምን ልበልህ" ይሉኛል። መስፍን ግን የትም ይሁን የት ጠዋት ጠዋት ለእናቱ ይደውላል። እኔ በነገሩ ሁሉ ስስቅ ከርሜያለሁ፤ በዚያ በእትዬ አስካለ ጩኸት ግን ስቄ አላውቅም።

ሰው ሲሞት ማን እንዴት እንደሚያለቅስለት አይሰማም። እኔ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ትዕግስት ዛሬ ስትናደድብኝ አንተን ያገባሁበት ቀን ይጥፋ ትለኛለች፤ ምንህም አይናፍቀኝም ትለኛለች። ልመልስላት አፌን እከፍትና ሳቄ ይመጣብኛል። ለምን እንደምስቅ ስለምታውቅ ይብስባታል፤ ያገኘችውን ዕቃ ታነሳለች። እኔም እሮጣለሁ።